በነጋሪት የተዋሸች ከተማ

ይህን የምጽፈው ሞጣ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። እግሬ ገና እንዳበጠ ነው፤ ንዴቴም አልበረደም። የአገሬ ሰው «ቤኒ ሻንጉል ደርሰህ መጣህ አሉ፤ ወርቁስ እንዴት ነው?» እያለ ደጄን ሲረግጥ ሰነበተ። ወርቅ አላየሁም። ያየሁትን ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው ማውራት አልቻልኩም፤ ገና ግማሹ ላይ ስደርስ ድምፄ ከፍ ይልና ጎረቤት ከሰው የተጣላሁ ይመስለዋል። ስለዚህ ጻፍኩት። ወደዚያ የማትሄዱ ሰዎች አንብቡት። የምትሄዱ ካላችሁ ደግሞ ሳትነሱ በፊት አንብቡት።

ለሰው ሁሉ ለንግድ ነው የምሄደው ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ስለ እኅቴ ነው። ባሏ ከጃንሆይ ጦር ጋር ወደዚያ ከወረደ ሁለት ክረምት አልፏል፤ አሶሳ ላይ የጦር ሰፈር አለቃ ሆኖ፣ ባላምባራስ ተብሎ እዚያው ቀርቷል። ስሙን አልጽፈውም፤ ልጆቹ አድገው ያነቡት ይሆናል። እኅቴ ራሷ የፈተለችውን ጋቢና አንድ ስልቻ በርበሬ አስያዘችኝና «ደህና መሆኑን በዓይንህ አይተህ ና» አለችኝ። ዓባይን ተሻግሬ፣ ወለጋን አቋርጬ እስከ መንዲ የሄድኩበትን መንገድ ስንቱ ነጋዴ አውርቶታልና አላሰለቻችሁም። ከመንዲ ወዲያ ያለውን ልንገራችሁ።

ማክሰኞ። ከመንዲ የተነሳነው ገመቹ ከሚባል የዚያው አገር ሰው ጋር ነው። ጭነቱን እሱ ይነዳል፣ እኔ በበቅሎዬ ከኋላ እከተላለሁ። የእኛ አገር ሰው ጥቅምት ሲባል ብርድ ይታየዋል፤ በጠዋት ጋቢ ደርቦ ፀሐይ ይጠብቃል። እዚያ ግን ጥቅምት ማለት ገና ከመኝታ ሳይነሱ ላብ ነው። መንገዱ ከቀርከሃ ጫካ ይገባል፤ የቀርከሃው ቅጠል ፀሐዩን ይከልላል፣ ነፋሱንም ይከልላል። ከሰዓት በኋላ አንድ ወንዝ ስንሻገር የጭነት በቅሎዋ ውሃው መሀል ስትደርስ ተኛች። ገመቹ ለመናት፣ ሰደባት፣ ጅራቷን ጠመዘዘ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ውሃውን ታጣጥማለች። በመጨረሻ እኔ ልብሴን ሰብስቤ ገብቼ እየገፋሁ አወጣኋት። የእኅቴ በርበሬ ስልቻው ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ድልህ ሆኗል። ገመቹ ስልቻውን ጨምቆ አሸተተና «ባላምባራስ በርበሬ ሲጠብቅ ድልህ ቢመጣለት ምን ከፋው?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሴትዮዋ ያንን በርበሬ ስንት ቀን ስታሰጣ እንደነበር አውቃለሁ።

ረቡዕ። ባምባሲ የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። ገመቹ አክስቱ ቤት ወሰደኝ። አዴ ፋጡማ ይሏታል፤ ጠና ያለች፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። «ኮቱ! ታኢ!» እያለች፣ ና ግባ ተቀመጥ ማለቷ ነው፣ በቅሎዋን ራሷ ተቀብላ አሰረች። ከዚያ ትኩስ ገንፎ መሀሉ ላይ ቅቤ ኩልል ብሎበት አቀረበች። ረቡዕ ነው። እኔ ዝም ብዬ ገንፎውን አየዋለሁ፤ ጾም ነው ብዬ እንግድነቴን ላበላሽ አልፈልግም፣ ልበላውም አልችልም። አዴ ፋጡማ ፊቴን አየችና ግንባሯን መታች።

«ውይ! የክርስቲያን ጾም! ረሳሁ፣ ቆይ!»

ሳህኑን አንስታ ለገመቹ ሰጠችው፤ ሌላ ገንፎ አገነፋች፣ በኑግ አድርጋ አመጣችልኝ። እስላም ናት፤ ጾሜን ከእኔ በላይ ጠበቀችልኝ። ሞጣ ላይ አንድ እስላም መንገደኛ በረመዳን እቤቴ ቢያድር እንዲህ አድርጌ አስተናግደው ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ሚስቴ ታደርገው ይሆናል።

ጠዋት ስነሳ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ኮርቻዬን መሬት ላይ አስቀምጬው ነበርና የእርካቡን ጠፍር ምስጥ በልቶት አድሯል። እርካቡን ሳነሳው ጠፍሩ እጄ ላይ ዱቄት ሆነ። አዴ ፋጡማ አዲስ ጠፍር ከጓዳዋ አውጥታ እየሰጠችኝ «በዚህ አገር መሬት ላይ ምንም አይቀመጥም» አለችኝ። «የአሶሳ ሰዎች ቤታቸው እንኳ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ በድንጋይ ላይ ነው።» ከዚያ «ነበር» አለች። «አሁን ሰዎቹ ተራራ ላይ ናቸው።»

ለምን ብዬ ብጠይቃት «አማችህን ጠይቀው» ብላ ወደ ጓዳዋ ገባች።

ሐሙስ። አሶሳ ደረስን። ገመቹ ጭነቴን አራግፎ፣ ምሳውን እንኳ ሳይጠብቅ በመጣበት እግሩ ተመለሰ፤ እዚያ ማደር አልፈለገም። የጦሩ ሰፈር በእንጨት አጥር የተከበበ ነው። ባላምባራስ ሲያየኝ ደስታው ልክ አልነበረውም፤ ሳመኝ፣ አቀፈኝ፣ የእኅቴን ጋቢ እዚያው ለበሰው። ድልሁንም በጣቱ ቀምሶ «የእሷ እጅ ነው!» አለ። ከስቷል። ወታደሮቹም ከስተዋል። ማሽላ ቆሎ አቀረቡልኝ፤ ለጠላም ብቅል የለም ተባለ። በቅሎዬን የምታድርበት ጋጥ አስገባኋት። የጋጡ በር ግን ገረመኝ፤ ከወፍራም እንጨት የተሠራ፣ በሙሉ በአበባ ጌጥ የተፈለፈለ ነው። ለበቅሎ እንዲህ ያለ በር የት ይገኛል ብዬ አለፍኩ።

እልፍኙ ጥግ ላይ እስከ ወገቤ የሚደርስ ነጋሪት ቆሟል፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ በበሬ ቆዳ የተወጠረ። ላዩ ላይ ኮርቻ ተጥሎበታል።

«ይህ የማን ነው?» አልኩት።

«የከተማቸው ነጋሪት ነው» አለ ባላምባራስ። «ስማ፣ በደህና ቀን መጣህ። ሰው ሁሉ ተራራ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ወርቅ የሚያጥብ የለ፣ ማሽላ የሚያጭድ የለ፤ ወታደሬ ምን ይብላ? ነገ ይህ ነጋሪት ይመታል፣ ይወርዳሉ።»

«በነጋሪት?»

«ሰላም ነው፣ ኑ የሚል አመታት አላቸው። ሐሚድ የሚባለው ሽማግሌ ነው የሚመታው፤ ሌላ ሰው ቢመታው ንቅንቅ አይሉም፣ የሱን እጅ ያውቁታል። ባለፈውም ወርደዋል።» ኮርቻውን አንስቶ ቆዳውን በጥፊ መታ መታ አደረገው። «ነገ ጠዋት አሮጌውን ከተማቸውን እሱ ያሳይሃል። ውጊያው የት የት እንደነበረ ደግሞ ወታደሬ ያስረዳሃል። ቀትር ላይ እኔ ነጋሪቱን አስይዤ እመጣለሁ።»

ባለፈው ከወረዱ ታዲያ ለምን ተመልሰው ወጡ? ይህን መጠየቅ ነበረብኝ። መንገዱ አድክሞኝ ነበርና ተኛሁ።

ዓርብ። ጠዋት ሐሚድ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ረጅም ነው፣ ጢሙ ነጭ ነው፣ ነጭ ቆብ አድርጓል። የነጋሪቱ ጠባቂ እሱ ነው፤ ከእሱ በፊት አባቱ ነበር አሉ። አያሌው የሚባል ወታደር ነፍጡን አንግቶ አብሮን ወጣ። አያሌው የደጀን ልጅ ነው፤ አገሬን ስነግረው ዘመድ እንዳገኘ ሰው ደስ አለው።

አሮጌው ከተማ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ፣ ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ነው። ከበስተጀርባው ጥቁር ተራራ ቆሟል። ሐሚድ ያንን ተራራ እየደጋገመ ያየዋል። መንገድ ላይ አያሌው ስለ ውጊያው ያወራልኛል፤ እዚህ አድፍጠው ነበር፣ እዚህ ጋ እንዲህ አደረግናቸው፣ እዚያ ድንጋይ ላይ እኔ ራሴ… ሐሚድ ከፊት ከፊት ይሄዳል። አንድ ጊዜ ብቻ ዞረና «እዚያ ድንጋይ ላይ የሞተው ማሽላ ጠባቂ ነው» አለ። «ነፍጥ የለውም። ወንጭፍ፣ ለወፍ።» አያሌው ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ተከተለን።

ከተማዋ ትልቅ ነበረች። ይህን ሳላይ ብነገር አላምንም ነበር። እኛ ወደ ቆላ ስንወርድ ጎጆና ጫካ ብቻ የምናገኝ ይመስለናል። ገበያው ሞጣ ገበያን ያህላል፤ መሀሉ ላይ ሾላ አለ፣ በሾላው ዙሪያ ለነጋዴ መቀመጫ የተደለደለ ድንጋይ አለ። ሐሚድ እየዞረ አሳየኝ።

«እዚህ ጨው። እዚህ ጨርቅ፣ ከሱዳን የመጣ ጀላባ፣ ነጋዴ ማለት ነው፣ እዚህ ይቀመጣል። እዚህ ሴቶች፣ ወርቅ በወፍ ላባ ቱቦ ሞልቶ ይዞ ይመጣል። ሰኞ ሰው ይሞላል፣ መሬት አይታይም ነበር።»

አሁን መሬቱ በሙሉ ይታያል። ሳሩ እስከ ጉልበት ነው።

ከዚያ መስጊዱ። ግድግዳው ቆሟል፤ ጣራው ተቃጥሏል፤ በሩ የለም። የበሩ መቃን ላይ የቀረውን ጌጥ ጠጋ ብዬ ተመለከትኩ። ያንን አበባ ትናንት አይቼዋለሁ። በቅሎዬ ያደረችበት ጋጥ በር ነው። የቤተ ክርስቲያናችን በር ተነቅሎ የሰው ጋጥ ላይ ቢገጠም ሞጣ ምን ትላለች? እኔ ራሴ ጎራዴ ይዤ አልወጣም ወይ? ተናድጄ ወደ አያሌው ዞርኩ፤ እሱ ግን ጫማ የሌለው እግሩን እያየ ነበር።

«ዛሬ ዓርብ አይደለም ወይ?» አልኩት ሐሚድን። «እዚህ ነው የምትሰግዱት?»

«ጁምዓ ለብቻ አይሰገድም» አለ። «ሰው ይፈልጋል። ሰው ማፊ፣ የለም። እኔ ዙሁር ብቻ ይሰግዳል፣ ቀትር ሲሆን።»

ቀጥሎ ወደ ቤቱ ወሰደኝ። ቤቱ ስል፣ ክብ ሆነው መሬት ላይ የተደረደሩ ድንጋዮች ናቸው። አዴ ፋጡማ የነገረችኝ ይህ ነበር፤ በድንጋዮቹ ላይ የቀርከሃ ወለል ይነጠፋል፣ ምስጥ አይደርስበትም። ወለሉም፣ ግድግዳውም፣ ጣራውም ነዷል፤ ድንጋዩ ቀርቷል። አያሌው ድንጋዮቹን በጎን ተራምዶ ሊገባ ሲል ሐሚድ እጁን ዘረጋ።

«በር በዚህ ነው» አለ።

አያሌው ደነገጠና ዞሮ በር በነበረበት በኩል ገባ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ሐሚድ በዚያ በባዶ ክብ ውስጥ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው የምንቀመጥበትን ቦታ ለየልን፤ «አንተ እዚህ፣ እንግዳ ነህ፤ እዚህ ነፋስ ይገባል» አለኝ። የሚገባው ነፋስ ከየትም ከየትም ነው። ከአንገቱ ያንጠለጠለውን ቅል ፈታ፤ የማሽላ ገንፎ በደረቀ ባሚያ ወጥ ነበር።

«ዓርብ ነው፣ አንተ ጾም» አለኝ። «ቅቤ የለም። ብላ።»

በልቼ ሳበቃ ነው ያወራልኝ። እንዳወራው ልጻፈው፤ አማርኛው የሌላ አገር ሰው አማርኛ ነው፣ ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም።

«ነጋሪት ሦስት ነገር ያውቃል» አለ። «ጦር መጣ ይላል። ሰላም ነው፣ ና ይላል። ሰው ሞተ ይላል። ሌላ አያውቅም። አባቴ እንዲህ አለኝ፤ አፍ ይዋሻል፣ ነጋሪት አይዋሽም። እኛ እንዲህ ያምናል። ጦር አለቀ፣ ሰው ተራራ ወጣ። ባላምባራስ ጠራኝ። ‹ሰላም ነው ብለህ ምታ፤ ማንም አይነካም› አለ። እኔ አመነ። ትልቅ ሰው ነው፣ ትልቅ ሰው ይዋሻል ብሎ እኔ አያስብም። መታሁ። ሰው ወረደ። ከሁሉ ልጄ ቀድሞ መጣ፣ ሴት ልጄ። የኔን እጅ አወቀ፣ ሮጦ መጣ።»

«ከዚያስ?»

«ከላስ። አለቀ። ወታደር ገመድ አወጣ።»

አያሌውን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ የነፍጡን ማንገቻ ይፈታል፣ ይቋጥራል።

«ወዴት ወሰዷቸው?»

«ወደ ደጋ። ማን ወሰደ፣ ማን ሸጠ፣ ወላሂ አላውቅም። ሌሊት የሸሸ ተራራ ተመለሰ። ልጄ አልተመለሰም።»

«ሞታ ይሆን?» አልኩት። አጠያየቄ ቀፋፊ ነበር፤ ከአፌ ወጣ።

«አላውቅም። ለዚህ ነው ለቅሶ የለም። ነጋሪት ሰው ሞተ ካላለ እኛ አያለቅስም። ተራራ ላይ ያሉ እናቶች ሁሉ ይጠብቃል። ሁለት ክረምት ይጠብቃል። ነጋሪቱ ባላምባራስ ቤት ነው፣ መቺው እኔ ነኝ። እኔ እንዴት ሞተ ይበል? ልጄ ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «አንተ የሚስቱ ወንድም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው። ዛሬ ምታ ይለኛል። ይማል። በእናንተ መሐላ፣ በንጉሥ ስም፣ በወታደር ፊት። ከማለ እመታለሁ፤ ሰው ይውረድ፣ ተራራ ላይ ልጆች ተርቧል። ካልማለ ንገረኝ። በፊት አልጠየቅሁም። ዛሬ ጠይቅልኝ።»

እጠይቀዋለሁ አልኩት። ይምላል ብዬም አሰብኩ። እኅቴን የወሰደ፣ ከቤታችን እህል የበላ ሰው ነዋ!

ቀትር ላይ ባላምባራስ በበቅሎ መጣ። ነጋሪቱን በቀርከሃ አጣና አንጠልጥለው ወታደሮች ተሸክመውታል። የእኅቴን ጋቢ ለብሷል። ከኋላው የምትከተለውን የጭነት በቅሎ ግን አየሁ፤ የተጫነችው ገመድ ነው። ሌላ ምንም የላትም፤ እህል የላትም፣ ድንኳን የላትም፤ የተጠቀለለ ጠፍር በግራና በቀኝ።

ሐሚድም አየው። መስጊዱ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብቻውን መስገድ ጀመረ። ባላምባራስ በቅሎው ላይ እንደተቀመጠ «ደሞ ይሄን ይጨርስ!» እያለ ይነጫነጫል። እኔ ልጓሙን ያዝኩ።

«ባላምባራስ፣ ገመዱ ለምንድን ነው?»

«ለጭነት ነዋ።»

«ለየትኛው ጭነት?»

ሳቀ። «ተወው አቦ፣ የሰፈር ነገር ነው።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ይማሉልኝ» አልኩት። «የሚወርደውን ሰው አንድም አልነካም፣ አላስነካም ብለው፣ ጃንሆይ ይሙት ብለው ይማሉ። በእነዚህ ወታደሮች ፊት። ሽማግሌው የጠየቀው ይህን ብቻ ነው።»

ባላምባራስ ዓይኑን ገልጦ አየኝና፣ በእውነት የገረመው ሰው እየመሰለ፣ «ለባሪያ ይማላል እንዴ?» አለ።

እዚህ ላይ ብዕሬን ሦስቴ አንስቼ ሦስቴ አስቀመጥኩ፤ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ ደህና ቃል አላገኘሁለትም። ሰውዬው ወላዋይ ቢሆን፣ ቢዋሽ፣ በሐሰት ቢምል እንኳ አንድ ነገር ነበር፤ በሐሰት የሚምል ሰው ቢያንስ የሚዋሸው ለሰው መሆኑን ያውቃል። ይህ ግን መሐላ እንኳ ሊያባክንላቸው አልፈለገም። ትናንት ያቀፈኝ እጅ ነው፤ ትከሻዬን እስካሁን ይበላኛል።

«አንተ!» አልኩት። አንቱታዬ እዚያው ቀረ። «ማንም ሳያስገድድህ የሰላም ቃል ሰጥተህ፣ ሰው አምኖህ ሲወርድ በገመድ ያሰርክ፣ ባሪያ የምትለው ማንን ነው? የአምላክ ቤት በር ነቅለህ በቅሎ የምታሳድርበት፣ ክርስቲያን ነኝ ትላለህ?»

«እንግዳ ነህ፤ እንግድነትህን ያዝ» አለኝ ቀዝቀዝ ብሎ። ከዚያ ሐሚድን ጠራ። «አንተ ሽማግሌ! ና ምታ!»

ሐሚድ ከመስጊዱ ወጣ። አጠገቤ ሲደርስ ቆም ብሎ አየኝ።

«አልማለም» አልኩት። «አይምልም።»

ራሱን ነቀነቀ። ነጋሪቱን በእጁ ዳሰሰው፤ የኮርቻው ላብ የተወበትን እድፍ በቆቡ ጠረገ። ከዚያ ወደ ተራራው ዞሮ መታ።

አመታቱ ቀስ ያለ ነበር። አንድ ይመታል፣ ይጠብቃል፤ አንድ ይመታል፣ ይጠብቃል። ባላምባራስ ነጋሪት ሁሉ አንድ ነው ብሎ ፂሙን እያሻሸ ወደ ተራራው ያያል። እኔም ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም። የሐሚድን ፊት ሳይ ግን ገባኝ። እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል፤ እጁ አይቆምም።

ተራራው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ቀጭን የሴት ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ተራራው ሞላ።

«መጡ!» አለ ባላምባራስ። «እልል እያሉ ነው!»

አያሌው ነፍጡን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ። ጋቢውን ከላዩ ገፈፈና ዘቅዝቆ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ እንደ ሐዘንተኛ መልሶ ለበሰ። ከእሱ አጠገብ ያለውም አዘቀዘቀ። ነጋሪቱን የተሸከሙትም አዘቀዘቁ። ማንም አላዘዛቸውም። የእኛ አገር ሰው ለቅሶ ሲሰማ እጁ ራሱ ያውቃል፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው ልብስ ከተዘቀዘቀ በኋላ ነው። እኔም ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ።

«ምን ሆናችሁ?» ብሎ ጮኸ ባላምባራስ። «ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ለቅሶ ነው፣ ጌታዬ» አለ አያሌው።

«የማን ለቅሶ? ማን ሞተና?»

ሐሚድ እጁን ከነጋሪቱ አነሳ። «ልጄ» አለ። «የሁሉ ሰው ልጅ። ያንተ ገመድ የወሰደው ሁሉ። አሁን ማንም አይወርድም፤ ለቅሶ ላይ ነው።»

ባላምባራስ አለንጋውን አነሳ። እኔ መሀላቸው ገባሁ። «ምታው» አልኩት። «ሐዘን ላይ ያለ ሽማግሌ መታ ተብሎ ሞጣ ገበያ ላይ ይወራል፤ የማወራው እኔ ነኝ። እነዚህም ይመሰክራሉ።» ወታደሮቹን ዞሮ አየ። እነሱ ወደ ተራራው ነው የሚያዩት። አለንጋው ቀስ ብሎ ወረደ። በቅሎውን አዙሮ ብቻውን ወደ ሰፈር ሄደ። በዚያ ኮረብታ ላይ ልብሱን ያላዘቀዘቀ ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ የእኅቴ ጋቢ ጥለት ወደ ታች ሆኖ እስኪርቅ ድረስ ይታየኝ ነበር።

ቅዳሜ። ሌሊቱን ከወታደሮቹ ጋር አደርኩ፤ እልፍኙ አልገባሁም። ማለዳ ሐሚድን በቅሎዬ ላይ አወጣሁት። መሪ ያስፈልገኛል፣ እስከ ባምባሲ ይሸኘኛል አልኩ፤ የከለከለኝ የለም። አያሌው ከአጥሩ ውጪ ድረስ ሸኘን። ሐሚድን ምን እንደሚለው ጨንቆት ቆሞ ቆሞ፣ በመጨረሻ «እግዜር ያጽናዎት፣ አባቴ» አለው። ሐሚድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀበለው።

በእግሬ እየሄድኩ፣ እግሬ ያበጠው ያኔ ነው፣ ማምሻውን ባምባሲ ገባን። አዴ ፋጡማ ነገሩን ከእኔ ስትሰማ አንድም ነገር አልጠየቀችም። ወደ ጎረቤት ጮኸች። ሰው መምጣት ጀመረ፤ ኦሮሞው፣ የሐሚድ ወገን የሆነው በርታ፣ ከሱዳን የመጣው ነጋዴ። ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ሐሚድ መሀል ተቀመጠ፤ እያንዳንዱ እየገባ የፋቲሓ ጸሎት አድርሶ እጁን ይዞ ያጽናናዋል። ሰውዬው ሁለት ክረምት ለቅሶ ያልተደረሰለት አባት ነው፤ ያን ዕለት ማታ ተደረሰለት። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ስነሳ «እዚህ ልቆይ» አለኝ፤ አዴ ፋጡማም «የት ይሄዳል ደግሞ!» አለች። እዚያው ተውኩት።

የመልሱ መንገድ እንደ መሄጃው ነው፤ ከእግሬ ቁስል በቀር የሚወራ የለውም። ሞጣ ስገባ እኅቴ ደጄ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ገና ከበቅሎ ሳልወርድ ልጓሙን ያዘችኝ።

«አየኸው? ባሌ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኳት። «ጋቢሽን ለብሶታል። ለቅሶ ግን አልደረሰም።»

«የማንን ለቅሶ?» አለች።

«ቁጭ በይ» አልኳት፤ ነገርኳት።